ሰጋቱራውን ነዳጅ ላድርገው ወይስ ልሽጠው?

ጥያቄ፦ የጣውላ መሰንጠቂያ አለኝ። ግቢዬ በሰጋቱራ፣ በቅርፊትና በቁርጥራጭ ተጣቧል። ሰጋቱራውን አንድ የቺፑድ ፋብሪካ በርካሽ ይወስድልኛል። የእህቴ ልጅ ግን «አጎቴ፣ የፔሌት፣ ማለትም ከሰጋቱራ ተጨምቆ የሚሠራ የትንንሽ ማገዶ፣ መጭመቂያ ይግዙ፤ ነጻ ጥሬ ዕቃ ላይ ተኝተዋል» እያለ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሲብስበት ደግሞ ከእንጨት ኢታኖልና ናፍጣ እናወጣለን ይላል። ምን ይመክሩኛል?
ሰጋቱራ ያስጨነቀው

መልስ፦ የእህትዎ ልጅ ጎበዝ ተናጋሪ መሆኑን ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። በስሌቱ ውስጥ ግን ውኃውን ረስቶታል።

ከእርጥብ ግንድ የወጣ ሰጋቱራ ግማሽ ያህል ክብደቱ ውኃ ነው። አንድ እፍኝ ወስደው ጨበጥ ያድርጉት። እጅዎን ሲከፍቱ እንደተጣበቀ ከቀረና መዳፍዎን ካረጠበው ለመጭመቂያ ገና ነው። ጥሩ ፔሌት ከ10 በመቶ በላይ እርጥበት አይኖረውም። በሚገባ የደረቀ ሰጋቱራ ሙጫ እንኳን አያስፈልገውም፤ በመጭመቂያው ሙቀትና ግፊት ሊግኒን የተባለው የእንጨቱ የራሱ ማጣበቂያ ይለሰልስና ያያይዘዋል። እርጥቡ ግን በቀዳዳው ገብቶ ሲወጣ ይፈረካከሳል።

እንግዲህ 1 ቶን ፔሌት ለማግኘት 1.8 ቶን ገደማ እርጥብ ሰጋቱራ ማስገባት፣ 800 ኪሎ ግራም ያህል ውኃም ማትነን ሊኖርብዎ ነው። 1 ቶን ፔሌት 17 ጊጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። ያን ውኃ ማትነን ብቻውን፣ የማድረቂያው ብክነት ሳይቆጠር፣ ወደ 2 ጊጋጁል ይበላል። ኤሌክትሪኩ ገና አልተነሣም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማድረቂያ ክፍል ነውና ሻጮቹን አውቃቸዋለሁ፤ በካታሎጉ ሽፋን ላይ የሚያወጡት የሚያብረቀርቀውን መጭመቂያ ነው፣ ገንዘብዎን የሚበላው ግን ከጀርባው የቆመው ማድረቂያ ነው።

ጥሬ ዕቃው ነጻ ነው መባሉንም አልቀበልም። ፋብሪካው ዛሬ የሚከፍልዎት ገንዘብ ካለ፣ ሰጋቱራውን ወደ መጭመቂያ ባስገቡ ቁጥር ያን ገንዘብ እያጡ ነው፤ በወጪ ይመዝገብ። ደግሞም ሰጋቱራ በራሱ ጊዜ አይመጣም። ከአንድ ግንድ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ነው፤ ሌላው ተረፈ ምርት የሚገኘው ያ ግማሽ ገዢ ሲያገኝ ነው። ግንባታ በቀዘቀዘበት ዓመት መጋዝዎ ይቆማል፤ ሰጋቱራው ይጠፋል፤ የቺፑድና የፔሌት አምራቾች በቀረው ላይ ይሻማሉ። የባንክ ዕዳው ግን አይቀዘቅዝም። ግዙፍ መሆንም አያድንም፤ ከዓለም ትልቁ የፔሌት አምራች ይባል የነበረው የአሜሪካው ኤንቪቫ፣ የረጅም ጊዜ የሽያጭ ውሎች በእጁ እያሉ፣ በመጋቢት 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ከአበዳሪዎቹ የሚያስጠልል የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከቅርፊቱ እጀምራለሁ። ቅርፊት አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ አመዱም ብዙ ነው። ስለዚህ ቺፑድ ሠሪውም ሆነ ጥራት ያለው ፔሌት የሚያመርተው አይፈልጉትም። ለእርጥብ ማገዶ ተብሎ የተሠራ ምድጃ ያለው ቦይለር ግን ሳያጉረመርም ያነደዋል። በዚያ ሙቀት የራስዎን ጣውላ ያድርቁ። የደረቀ ጣውላ ብዙም አይጣመምም፤ ለቤት ዕቃ ሠሪም ይሸጣል፤ ከእርጥቡ የተሻለ ዋጋም ያወጣል። ለቅርፊትዎ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ አያገኙም። ሰጋቱራውን በዚህ ጊዜ ሁሉ ለፋብሪካው መሸጥዎን ይቀጥሉ፤ ዋጋውን ግን ይከራከሩ።

የደረቀውን ጣውላ መላግ ሲጀምሩ ነገሩ ይለወጣል። ከደረቅ ጣውላ የሚወጣው ፍቅፋቂ ለመጭመቂያ የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ የእህትዎን ልጅ ይጥሩት፤ ትንሽ መጭመቂያ ያለ ማድረቂያ ሊያዋጣ ይችላል። ሙጫ ወይም ቀለም የነካው እንዳይገባበት ብቻ ይጠንቀቁ። የፔሌት መጋዘንም አየር ይፈልጋል፤ የታፈነ ክምችት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ።

ኢታኖሉና ናፍጣው ለእርስዎ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከጥድ እንጨት ቤንዚንና ናፍጣ አወጣለሁ ያለው ኪዮር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሚሲሲፒ ግዛት 75 ሚሊዮን ዶላር ያለ ወለድ ተበድሮ ኮሎምበስ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተከለ፤ በ2014 ከሰረ። በአንጻሩ የኖርዌዩ ቦሬጋርድ ከ1938 ጀምሮ ከእንጨት ኢታኖል ያወጣል፤ ነገር ግን ከዚያው እንጨት ልዩ ሴሉሎስ፣ የሊግኒን ውጤቶችና ቫኒሊን ይሸጣል። የፊንላንዱ ዩፒኤምም በላፔንራንታ ከ2015 ጀምሮ ናፍጣ የሚሠራው ከወረቀት ጥሬ ዕቃ ምርት ከሚተርፍ ዘይት ነው። ሁለቱም ነዳጁን የሚያወጡት ሌላው ምርት የእንጨቱን ዋጋ ከከፈለ በኋላ ነው። ኪዮር ግን እንጨቱን የገዛው ለነዳጅ ብሎ ነበር።

ለእህትዎ ልጅ አንድ ሥራ ይስጡት። አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ይመዝን፤ በሚገባ አድርቆ እንደገና ይመዝን፤ ልዩነቱን ይጻፍ። ከዚያ ካለፈው ዓመት መዝገብዎ ውስጥ መጋዙ በጣም የቀዘቀዘበትን ወር ይፈልግና በዚያ ወር ስንት ቶን ሰጋቱራ እንደወጣ ያስላ። የመጭመቂያ ዋጋ ጥያቄ የሚላከው በዚያ ወር ቁጥር ይሁን።