ስኳርና ግፊት የሀብታም በሽታ ናቸው? ስለ ኑሮ ደረጃና ስለ አረጋውያን ጤና ከጎንደር የተነሡ ጥያቄዎች

ከአራዳ፣ ከማራኪ፣ ከአዘዞና ከደምቢያ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን የሚሰጠው የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነው።

ጥያቄ፦ ስኳርና ግፊት የሀብታም በሽታ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አሁንም እንደዚያ ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። በጎንደር ከተማና በዙሪያው ገጠር 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ስኳር የተገኘባቸው ከከተማው 5 በመቶ ገደማ፣ ከገጠሩ 2 በመቶ ገደማ ናቸው። እስከዚህ ድረስ አባባሉ ያስኬዳል። ነገር ግን በዚያው ጥናት ስኳር ከተገኘባቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው ከነጭራሹ አያውቁም ነበር፤ በገጠር ደግሞ የማያውቀው ይበዛል። ማን ታመመ የሚለውና ማን ተመረመረ የሚለው አንድ አይደለም። ባለገንዘቡ ለጉንፋን ክሊኒክ ገብቶ ስኳሩን ተለክቶ ይወጣል። ጉልት የምትቸረችር እናት የምትለካው ዓይኗ ሲደበዝዝ ወይም እግሯ ቆስሎ አልድን ሲላት ነው።

በሀብታም አገሮች ነገሩ ተገልብጧል። የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከታተለው ሁለተኛው የኋይትሆል ጥናት፣ የሥራ ደረጃ ዝቅ ባለ ቁጥር የወገብ ስፋት፣ የደም ስብና የስኳር መዛባት አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቅባትና መኪና የሚገዛው ባለጸጋው ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የሚወፍረው እሱ ነው። ቆይቶ የሚረጋው ዘይት፣ ስኳሩና የፉርኖ ዱቄቱ ለድሃውም ይደርሳል፤ ባለጸጋው በበኩሉ ምርመራውንም የእግር ጉዞውንም ይጀምራል። ጎንደር መሃል መንገድ ላይ ናት።

ጥያቄ፦ "ሜታቦሊክ" የምትሉት ምኑን ነው? በምን ይለካል?

መልስ፦ ሰውነት ስኳርንና ስብን የሚጠቀምበትን ሥርዓት የሚመለከት ማለት ነው። አምስት ነገሮች ይታያሉ፤ ሦስቱ ከተገኙ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላል። የወገብ ዙሪያ ለወንድ 94 ሴንቲሜትር፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ፤ የደም ግፊት ከ130 በ85 ጀምሮ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ቢደርስም ይቆጠራል፤ ቁርስ ሳይበላ የተለካ ስኳር በዴሲሊትር ደም ከ100 ሚሊግራም ጀምሮ፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ150 ጀምሮ፤ ጥሩ ኮሌስትሮል የሚባለው ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች። ለአንዱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያ ነገር እንዳለበት ይቆጠራል። 126 እና ከዚያ በላይ የሆነ የጾም ስኳር፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ከተረጋገጠ፣ ስኳር በሽታ ነው።

ወገብ ሲለካ ሰው የሚሳሳተው ሜትሩን ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ላይ በማሳለፍ ነው። ቦታው ከመጨረሻው የጎን አጥንት በታች፣ ከዳሌ አጥንት ጫፍ በላይ፣ የሁለቱ መሃል ነው። መቀነት ይፈታል፣ ነጠላው ይነሣል፤ ሰውየው ትንፋሹን እንዳወጣ ይለካል። እናቶች መቀነታቸውን ሳይፈቱ ከተለኩ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ አባቴ የደምቢያ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳ አልፏል፣ ሰውነታቸውም ቀጭን ነው። ስኳር አለብዎ ተባሉ። ቀጭን ሰው ስኳር ይይዘዋል እንዴ?

መልስ፦ በሚገባ ይይዘዋል። የኑሮ ደረጃ ጉዳይ ጎልቶ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው። በጎንደርና በጅማ ገጠሮች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ሕመምተኞች ቀጫጭን፣ ድሃና በልጅነታቸው በምግብ እጥረት ያለፉ መሆናቸውን ሐኪሞች አስተውለው እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፈዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። ምክንያቱ በአጭሩ፦ በልጅነት የተራበ ሰውነት ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ቆሽትም ጡንቻውንም አሳንሶ ያድጋል። በ1944ና 45 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ረሃብ ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ሰዎች ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ስኳራቸው ተዛብቶ ተገኝቷል። በእኛም በ1966ቱ ረሃብ ልጆች የነበሩት ዛሬ ስድሳዎቹን እየያዙ ነው።

ሌላው፣ በእርጅና ጡንቻ ይሟሽሻል። ከምንበላው ስኳር ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ጡንቻ ስለሆነ፣ ክብደቱ ያልጨመረ ሽማግሌም ስኳሩ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ አባትዎን "ምግብ ቀንሱ" የሚላቸው ሰው ካለ አይስሙት። እሳቸው የሚያስፈልጋቸው ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሲገኝ እንቁላልና ወተት ነው። ክብደት በፍጥነት እየወረደ፣ ውኃ ጥምና ሽንት እየበዛ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ሽንታቸው ኬቶን (ኢንሱሊን ያጠረው ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው ነገር) እንዳለው ይታይ፤ ኢንሱሊን ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ኢንሱሊን ከታዘዘና ማቀዝቀዣ ከሌለ ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ ፌስታል ታስሮ፣ እርጥብ አሸዋ በያዘ ሸክላ ድስት ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ደምቢያ ከጎንደር ስለሚሞቅ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ የተተወ ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ወባ ባለበት አካባቢ ቀይ የደም ሴል ዕድሜው ስለሚያጥር፣ የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ውጤቱ ከጣት ምርመራው ጋር ካልገጠመ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ እንጀራ እንተው ወይ? እናቴ ቡና ያለ ስኳር አይሆንላቸውም።

መልስ፦ እንጀራ አይተውም፤ ይቀነሳል፣ ወጡ ይጨመራል። የጎደለው ቤት ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ወጡን አቅጥኖ በእንጀራ ይጠግባል። ጤፍ ሲወደድ የፎገራ ሩዝ ይቀላቀላል፤ ሩዙ በበዛ ቁጥር ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ከተቻለ ሩዙን በዳጉሳ ወይም በማሽላ መተካት ይሻላል። ሽንኩርት ማብዛትና ሽሮውን ወፈር ማድረግ የሚጠይቀው ትንሽ ነው።

የቡናውን ስኳር በቁጥር እንየው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በስኒ ሁለት ማንኪያ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ስኒ፣ 24 ግራም። ጠዋትና ማታ ከሆነ 48። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ከ25 ቢያንስ ይመረጣል ይላል። እናትዎ በቡና ብቻ ጣራውን ነክተዋል። በአንድ ጊዜ መከልከል ጠብ ያመጣል፤ በየሳምንቱ ሩብ ማንኪያ ይቀንሱ። በጨው የሚጠጡ ካሉ ደግሞ ግፊቱን ያስቡ፤ የቀኑ ጨው ከበርበሬውም ከሽሮውም ጋር ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት አክስቴ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። የስኳር ክኒን ይወስዳሉ። መጾም የለባቸውም?

መልስ፦ መጀመሪያ ክኒኑ የቱ ነው? ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚጥልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ግሊቤንክላሚድ ግን ምግብ ተበላም አልተበላም ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ጠዋት ወስደው እስከ 9 ሰዓት ከቆዩ መውደቅ የሚጠበቅ ነው። ኩላሊታቸው የደከመ አረጋውያን ላይ ውጤቱ እስከ ማግሥቱ ሊዘልቅ ይችላል። ርካሽ ስለሆነ ለድሃ አረጋዊ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ባይታዘዝ የሚመረጠው መድኃኒትም ይኸው ነው። ሐኪሙ እንዲቀይረው ወይም ሰዓቱን እንዲያዛውረው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ይጠየቅ፤ ለፍልሰታ ከሆነ በሐምሌ ማለት ነው።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መወላገድ ከታየ ወይም ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነ፦ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፤ ካልወጣ መድገም፤ ከወጣ ምግብ ማስከተል። የዚያ ቀን ጾም ይፈታል። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ትን ይላቸዋል። በጎናቸው አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም ነው። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ትፈቅዳለችና የንስሐ አባታቸው በጊዜ ቢነገራቸው አክስትዎም እሺ ለማለት ይቀላቸዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግፊቴ ፋርማሲ ሲለካ 160፣ ጤና ጣቢያ 138። የቱን ልመን?

መልስ፦ በትክክል የተለካውን። ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና የለም፣ ሽንት ይወጣል፣ አምስት ደቂቃ ጀርባ ተደግፎ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። የማራኪን ዳገት ወጥቶ ወዲያው ክንድ መዘርጋት 160 ቢያመጣ አያስገርምም። ክንድ በልብ ልክ፣ እጅጌ ተገልጦ፣ ሁለት ጊዜ በደቂቃ ልዩነት። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ቁጥሩን ከእውነቱ ከፍ ያደርገዋል። ከስድሳ በላይ ከሆኑ ቆመውም ይለኩ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ መድኃኒቱ ሊያወድቅዎ ስለሚችል ይነገር።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ሲያጥር ምኑን እናስቀድም? ጎረቤታችን ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለሉ ያደርሱታል።

መልስ፦ እየዘለሉ መውሰድ ግፊቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ ያሰነብተዋል፤ ገንዘቡም ሕክምናውም ይባክናል። ኢንሱሊን ለማይወስድ ሰው ቅድሚያው የግፊት ክኒን ነው፤ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከርካሾቹ ናቸው፣ ስትሮክን የሚከላከሉትም እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ሜትፎርሚን። ኢንሱሊን የማይወስድ ሰው በየቀኑ ጣቱን መውጋት የለበትም፤ የስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) ገንዘብ ለክኒኑ ይዋል። ቫይታሚንና "ስኳር የሚያጠፋ" ሻይ መጨረሻ ላይ እንኳ አይገቡም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያው ይጀምር፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ወደ ኪስ ሊመልሰው ይችላል። መክፈል ለማይችሉ በቀበሌ ተለይተው በነፃ የሚታቀፉበት አሠራር አለና የእድሳቱ ወቅት ሳያልፍ ይጠይቁ። ለእግር ደግሞ ማታ ማታ ማየት ነው፣ በጣቶች መሃል ጭምር። በረባሶ ከመጫማት በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፤ የደነዘዘ እግር ጠጠር አይሰማውም፣ ከሰል ዳር ሲሞቅም መቃጠሉን አያውቅም።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጥናቴን በጎንደር አረጋውያን ላይ እየሠራሁ ነው። የኑሮ ደረጃን በወር ገቢ ልለካ አሰብኩ።

መልስ፦ ተወው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴቶች ብዙዎቹ "ገቢ የለኝም" ይሉሃል፤ ቤታቸው ግን ልጅ የሚልከው ዶላር ሊኖር ይችላል። የንብረት መለኪያ ተጠቀም፦ የቤቱ ወለልና ጣሪያ፣ የውኃው ምንጭ፣ ሽንት ቤት፣ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን፤ ለገጠር በሬ፣ ላምና መሬት። ለከተማና ለገጠር መለኪያውን ለየብቻ ሥራ፤ ካልሆነ ሁለት በሬ ያለው የወገራ ገበሬ ማቀዝቀዣ ስለሌለው ብቻ ድሃ ይባላል። ትምህርትን ለብቻ ያዝ፤ ለባሏ ለሞተባት ሴት የሟች ባሏን ሥራ፣ ለሁሉም የልጅነት ኑሮን ጠይቅ፤ ክረምት ላይ እህል ያልቅባችሁ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በደንብ ይታወሳል።

ሁለት ወጥመድ አለ። "ስኳር አለብዎት?" ብለህ ብቻ ብትጠይቅ የተመረመሩትን እንጂ የታመሙትን አታገኝም፤ ራስህ ለካ። ሁለተኛው፣ በሽታ ራሱ ያደኸያል፤ በእግር ቁስል በሬውን የሸጠ ሰው ዛሬ ድሃ ሆኖ ስታገኘው ድህነቱ ነው ያሳመመው ትላለህ። በአንድ ጊዜ ልኬት ይህን መለየት ስለማይቻል መደምደሚያህ ላይ "ምክንያት" የሚለውን ቃል አትጻፍ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት፤ አዘዞ ላለችው እናቴ የስኳር መለኪያ ልልክላት ነው።

መልስ፦ ከመላክህ በፊት እዚያ ላለ ሰው ስትሪፑ ጎንደር ፋርማሲዎች እንዳለ አስጠይቅ። ስትሪፕ ከሌላ መሣሪያ ጋር አይሠራም፤ የላክኸው ሃምሳ ሲያልቅ ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ እዚሁ የሚሸጠውን እንድትገዛ ብር መላክ ይሻላል። ከአውሮፓ የሚመጣ መለኪያ አሃዱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ 7 ቢል በ18 አባዝተው 126 ነው፤ ጎረቤት "ሰባት ብቻ ነው፣ ወርዷል" ብሎ ስኳር እንዳያጠጣት። ጣቷን በውኃና በሳሙና ታጥባ ታድርቅ፤ ብርቱካን የነካ ጣት የውሸት ከፍ ያለ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ልኬቱ ዕድሜዋ ለገፋና ሌላ ሕመም ላለባት እናት ጠዋት ባዶ ሆድ ከ90 እስከ 150 ቢሆን ይበቃል፤ 100 ላይ ካልወረደ ብለህ በስልክ አታስጨንቃት።