የኤርባግ መብራት ሲበራ ሲጠፋ፦ ኮድ ማጥፋት ጥገና አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። የኤርባጉ መብራት አንዳንድ ቀን ይበራል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። መኪናውን የሸጠልህ ድርጅት ጋራዥ ደጋግመህ ወስደኸዋል። እነሱም ኮዱን (ኮምፒውተሩ ችግር ሲያገኝ የሚመዘግበውን የስህተት ምልክት) እያጠፉ መልሰውልሃል፤ መብራቱ ግን ተመልሶ መጣ። ዋስትናው ደግሞ ሊያልቅ ነው። ጓደኛህ «መኪናው ይሄድ የለ፣ ምን አስጨነቀህ» ብሎሃል። ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሶ ስለነበር ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

በቅድሚያ የጓደኛህን ነገር እንጨርስ። መኪናው መሄዱን ይሄዳል። ቁልፍ ስትከፍት መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ የሚጠፋው የኤርባጉ ኮምፒውተር ራሱን ስለሚፈትሽ ነው። ሳይጠፋ ከቀረ፣ ወይም እየነዳህ ከበራ፣ አንዱ መስመር ላይ ችግር አግኝቷል ማለት ነው። ያኔ በብዙ መኪኖች ሲስተሙ በከፊል ወይም ጭራሹን ሥራ ያቆማል። በግጭት ጊዜ ቀበቶውን ወደ ኋላ ስቦ የሚያጠብቀው ክፍልም የዚሁ ሲስተም አካል ነው። መብራቱ ስለበራ ብቻ ኤርባጉ ፊትህ ላይ ይፈነዳል ብለህ አትስጋ። የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው፦ በሚያስፈልግህ ሰዓት ዝም ማለቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መጥቶ የሚሄድ መብራት ብዙ ጊዜ የግንኙነት ችግር ነው፤ የላላ ሶኬት፣ የተቀጠቀጠ ሽቦ ወይም ዝገት የነካው ጫፍ። ኮምፒውተሩ በየኤርባጉ መስመር ያለውን ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታውን ኃይል፣ ሁሌም ይለካል። መደበኛው ልኬት በጣም ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ) አካባቢ። ስለዚህ ሶኬቱ ትንሽ ላላ ብሎ አንድ ሁለት ኦም ከጨመረ ኮምፒውተሩ «ተበላሽቷል» ይላል። ሶኬቱ ተመልሶ ሲገጥም ልኬቱ ይስተካከላል። ጋራዡ «ምንም አላገኘንም» የሚልህም ለዚህ ነው። አልዋሹህም፣ በዚያች ሰዓት በእርግጥ ምንም የለም።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ከፊት ወንበሮች ሥር ያሉትን ሶኬቶች ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ናቸው። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ በተንሸራተተ ቁጥር ሽቦዎቹ ይሳባሉ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እግሩን ያስገባል፣ የውሃ ጠርሙስ ይንከባለላል፣ መኪና የሚያጥበው ልጅ መጥረጊያውን ይሰዳል። የእኔ መኪና ችግር እዚያ ነበር። የደረስኩበት መብራቱ መቼ መቼ እንደሚበራ በማስተዋል ነው። እግረ ረጅሙ ወንድሜ ነድቶ በመለሰልኝ ቁጥር ይበራል። እሱ ወንበሩን ወደኋላ ይገፋል፣ እኔ ወደፊት እመልሳለሁ። አንተም መብራቱ ሲበራ ከዚያ በፊት ምን እንደተደረገ ልብ በል፦ ወንበር ተንቀሳቅሷል? መሪው እስከ ጫፍ ተጠምዝዟል? ዝናብ ነበር? ባትሪው ደክሞ ነበር? እውነቱን ለመናገር ይቺ መረጃ ከግማሽ ቀን ምርመራ ትበልጣለች።

ከመብራቱ ጋር ክላክስ ወይም መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች አልሠራ ካሉ መሪው ውስጥ የሚጠቀለለውን ሽቦ፣ ክሎክ ስፕሪንግ የሚሉትን፣ ጠርጥር። ቀበቶው የሚሰካበት ውስጥ የገባ ሳንቲምም ይህን መብራት ሊያበራ ይችላል። ደካማ ባትሪም እንዲሁ። ምንጣፉ ረጥቦ ከነበረ ደግሞ ያንን ደብቀህ አትሂድ፣ ንገራቸው።

ራስህ ልትነካካው ካሰብክ ግን ተው። በተለይ ቴስተር ይዘህ ኤርባግ ላይ ኦም አትለካ፤ መለኪያው የሚልካት ትንሽ ኤሌክትሪክ ልታፈነዳው ትችላለች። ባትሪ ተነቅሎ እንኳ ኮምፒውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለጊዜው ተጠራቅሞ ይቆያል። አንዳንዱ አምራች 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል፣ አንዳንዱ 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ። ቁልፍ ተከፍቶ ሶኬት ከነቀልክ ደግሞ ሌላ አዲስ ኮድ ትጨምራለህ። ከዚያ ጋራዡ «ሌላ ሰው ነክቶታል» ይልሃል፣ ዋስትናህም ጭቅጭቅ ውስጥ ይገባል።

ሰፈር ውስጥ በርካሽ ስካነር (ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ) አስነብበህ «ኮድ የለውም» ከተባልክም አትመን። ርካሾቹ የሚያነቡት በአብዛኛው የሞተሩን ነው፣ በፒ (P) የሚጀምሩትን። የኤርባግ ኮዶች አብዛኛውን ጊዜ በቢ (B) ይጀምራሉ፤ እነሱን የሚያይ ስካነር ያስፈልጋል።

ወደ ዋስትናው ስንመጣ ጉዳዩ የወረቀት ነው። ጋራዥ ስትገባ ችግሩን በቃል ብቻ አትንገር፣ የሥራ ትዕዛዙ ላይ ይጻፍልህ። ቀኑ፣ ኪሎሜትሩ፣ «የኤርባግ መብራት ይበራል ይጠፋል» የሚለው፣ ከመጥፋቱ በፊት የተገኘው ኮድ፣ የተሠራው ሥራ። «ታይቷል፣ ደህና ነው» ብቻ ከጻፉልህ አትፈርም። ኮዱን ሳያነቡ እንዳያጠፉ አስቀድመህ ንገራቸው፣ ከተቻለ የስካነሩን ውጤት አትመው ይስጡህ። ብዙ ስካነሮች ኮዱ አሁን ያለ ይሁን ወይም ቀደም ሲል የተመዘገበ ለይተው ያሳያሉ። ስካነሩ እንደተሰካ ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ እንዲያንቀሳቅሱት፣ መሪውንም እንዲያዞሩት ጠይቅ። የእኔን በዚህ ነው ያገኙት። እስከዚያ «ኖርማል ነው» ነበር መልሳቸው።

መብራቱ በበራ ቁጥር ደግሞ ኪሎሜትሩ አብሮ እንዲታይ አድርገህ በስልክህ ቅረጽ። ቪዲዮ ካለህ «እኛ ጋ ሲመጣ አይበራም» የሚለው መልስ ይዳከማል። ሞተር ሠርቶ መኪናው ቆሞ ይሁን፤ እየነዳህ ስልክ አታውጣ።

የዋስትና ደብተሩን ከፍተህ አንብበው። ብዙ ሰው አያነበውም እንጂ አንዳንድ አምራቾች ለቀበቶና ለኤርባግ ከጠቅላላው ዋስትና የረዘመ ጊዜ ይሰጣሉ። ለምሳሌ ፎርድ አሜሪካ ውስጥ ጠቅላላው ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ሆኖ ለደህንነት መጠበቂያዎቹ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። የአንተም እንደዚያ ከሆነ ያን ያህል አትጣደፍም። ካልሆነ ግን ዛሬ መብራቱ ባይበራም ዋስትናው ሳያልቅ ሂድና አስመዝግብ። በጊዜው ተመዝግቦ ያልተፈታ ችግር ቆይቶ ለመከራከር ይመቻል። ያልተመዘገበ ግን እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው።

ዋስትናውን ሊያስከለክሉህ የሚችሉትንም እወቅ። ግጭት፣ የፈሰሰ ፈሳሽ፣ የተቀየረ መሪ፣ ውጭ የተገጠመ ሬዲዮ፣ የጎን ኤርባግ ባለው ወንበር ላይ የተጠለቀ ልባስ። እነዚህ ካሉ ከወዲሁ መልስ ይኑርህ።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ሪኮልን ነው። ሪኮል ከዋስትና የተለየ ነው፤ አምራቹ በራሱ ጉድለት ጠርቶ በነፃ የሚሠራው ነው፣ ዋስትና አለቀ አላለቀ አይባልም። የጃፓኑን ኤርባግ አምራች የታካታን ኤርባግ አስታውስ። ማፈንጃው ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ይበላሽ ነበር። ሲፈነዳ የብረት ቀፎውን ሰባብሮ ሰው ላይ ይረጨዋል፣ ሰዎችም ሞተውበታል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ ኤርባጎች ተጠርተዋል፣ ድርጅቱም 2017 እንደ ፈረንጆቹ ኪሳራ አወጀ። ያ ጉድለት ዳሽቦርድ ላይ መብራት አያበራም! ስለዚህ የአንተ መብራት ቢስተካከልም ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻሲ ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ ሪኮል እንዳለበት እይ።

«በርካሽ እናጥፋልህ» የሚል ካጋጠመህ ሽሽ። አንዳንዱ አምፖሉን ይነቅላል፣ አንዳንዱ በኤርባጉ ቦታ ትንሽ ሬዚስተር (የኤርባጉን ያህል ኦም ያላት የኤሌክትሪክ ዕቃ) ሰክቶ ኮምፒውተሩን ያታልላል። መብራቱ ይጠፋል፣ ኤርባግ ግን የለህም። ያገለገለ መኪና የምትገዙም፣ ቁልፍ ሲከፈት ይህ መብራት ጭራሽ ካልበራ ጠርጥሩ። ከሚበራው የባሰ ነው።

እስኪሠራ ድረስ ቀበቶህን እሰር፣ ልጆችን ከኋላ አስቀምጥ። ከፊት «የተሳፋሪ ኤርባግ ጠፍቷል» የሚለው መብራት ግን ሌላ ነው። ባዶ ወንበር ላይ ወይም ቀላል ልጅ ሲቀመጥ ቢበራ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።

ጋራዡ አሁንም ኮድ አጥፍቶ ሊመልስህ ከፈለገ ወረቀቶቹን ሰብስበህ ወደ አምራቹ የደንበኞች አገልግሎት በቀጥታ ጻፍ። ኮዱን ካገኘህ ደግሞ ፊደልና ቁጥሩን ከመኪናው ሞዴልና ዓመት ጋር እዚህ ጻፍልን፣ የትኛው መስመር እንደሆነ አብረን እናየዋለን።