ፊልድ ለምትወጡ ልጆች፦ ዜሮዋንም ጻፏት

ሰሞኑን አንድ ፊልድ ሊወጣ የሚዘጋጅ ልጅ ቡና እየጠጣን "ጋሼ ምን ይዤ ልሂድ?" አለኝ። ጃኬት፣ ቡትስ፣ የእጅ ባትሪ እያልኩ ጀመርኩና መሀል ላይ ቆም አልኩ፣ ምክንያቱም እኔን ተራራ ላይ ጉድ የሰራኝ ብርዱ አይደለም። ለሱ የነገርኩትን ለናንተም ልጻፈው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ቦታው መንዝ ጓሳ የሚባለው ጥብቅ የሳር ቦታ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ሄዳችሁ ዋሻው ውስጥ ሳትገቡ ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፈውን መንገድ ስትይዙ ታገኙታላችሁ፣ ከፍታው ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ነው። ያኔ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ስራዬ ደግሞ ቀይ ቀበሮ የት የት እንደሚውል ለማወቅ የተመረጡ አራት መስመሮችን በእግር እየሄድኩ ያየሁትን መቁጠር ነው። አብረውኝ የሚሄዱ የአካባቢው ስካውት፣ ማለትም የቦታው ጠባቂ ነበሩ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የሚሄዱ ሽማግሌ። ገና ፕሮፖዛሌ ሳያልፍ ጀምሮ "ዶክተር" ነበር የሚሉኝ፣ ሙድ እየያዙብኝ ይሁን እያከበሩኝ እስከዛሬ አላወኩም።

ነሐሴ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ከሰአት ጉሙ ከገደሉ ስር ተነስቶ መጣና ዋጠን። ሽማግሌው አምስት እርምጃ ቢቀድሙኝ ነው፣ ግን ነጩ ጋቢ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ የሚታየኝ የዱላቸው ጫፍ ብቻ ነበር። ሶስተኛውን መስመር እንደምንም ጨረስን፣ አራተኛውን ትተነው ወደ ካምፕ ተመለስን። ማታ ሻማ አብርቼ ፎርሙን ስሞላ አራተኛው ባዶ ሆኖ አፈጠጠብኝ። እና ምን አደረኩ መሰላችሁ፣ "ቀበሮ 1" ብዬ ጻፍኩ። ለምን 1? እዛ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ስለማይ ነዋ! ሽማግሌው ገብስ ቆሎ እየቃሙ በትከሻዬ በኩል አዩኝ። የቀለም ትምህርት ብዙም አልተማሩም ግን ቁጥር ያነባሉ። "ዶክተር፣ አራተኛው ጋ ሄደን ነበር እንዴ?" አሉኝ። የባለፈውን እያስተካከልኩ ነው ብዬ ዋሸሁ። ምንም አልመለሱም፣ ቆሏቸውን ቀጠሉ።

ከዛ በኋላ ሁለቴ ይሁን ሶስቴ ደገምኩት፣ አላስታውስም፣ ጣጣው እሱ ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ ኤክሴሉን ስከፍት የትኛው የእውነት የትኛው ከኪሴ የመጣ እንደሆነ መለየት አቃተኝ፣ ሁሉም ቁጥር ያው ቁጥር ነው የሚመስለው። የሶስት ወር ክረምት ዳታ ጠቅላላ አውጥቼ ጣልኩት። ለአድቫይዘሬ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "ዝናብ ደብተሩን አበላሸው"። ይሄንን ከዛ ልጅ ሌላ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው ብል አትፍረዱብኝ።

አንድ ቀበሮ ምን ይጎዳል የምትሉ ካላችሁ፣ ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ በአጠቃላይ አዋቂው ከ500 እንደማይበልጥ ነው የሚገመተው፣ አብዛኛውም ባሌ ነው። ጓሳ ያለው በጥቂት ደርዘን የሚቆጠር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ደጋግሞ ገብቶ ስንቱን እንደጨረሰ የምታውቁት ነው። እንደዛ አይነት ወረርሽኝ ጓሳ ገብቶ ቀበሮ እየጠፋ ቢሆንስ፣ እኔ ሻማ ስር ቁጭ ብዬ "1፣ 1፣ 1" እያልኩ ስሞላ ሪፖርቱ ሁሉ ሰላም ነው ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ሄዳችሁ ካላያችሁ ዜሮ ጻፉ፣ ካልሄዳችሁ ሰረዝ አድርጉና ምክንያቱን ጻፉ፣ ጉም ከነበረ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚታይ ጨምሩበት። ዜሮና ሰረዝ አንድ አይደሉም፣ ይሄን የሚያምታታ የተማረ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ሌላ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ሽማግሌው ገና በመጀመሪያው ሳምንት "ቀበሮውን ምን ያስሮጥሃል፣ ጭላዳ ዝንጀሮው ያለበት ሂድ፣ እሱም እዛው መሀላቸው ነው" ብለውኝ ነበር። እኔ የሰፈር ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ፎርሜ ላይ ጭላዳ የሚል ኮለም እንኳን አልነበረም። በ2015 እ.ኤ.አ. እዛው ጓሳ የተሰራ ጥናት ታትሞ ሳነብ ደነገጥኩ፦ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ሲሞክር 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። እስኪ አስቡት፣ እነዚያ ተመራማሪዎች የተሳካውን ብቻ ቢጽፉ ኖሮ ይሄ ፐርሰንት ከየት ይመጣ ነበር? ቀበሮው ዘሎ አይጧ ያመለጠችው ሁሉ ተጽፋ ነው።

መንዞች ጓሳውን በቀሮ ስርዓት ለዘመናት ሲጠብቁት ኖረዋል፣ ለአመታት ዘግተውት ሳሩ ሲደርስ ከፍተው ለሁሉም እንደየድርሻው ያጭዱታል፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ እንደዛ ነበር። እንደዚህ ያለ ህዝብ መሀል ሄዳችሁ እንደ መንገድ መሪና እንደ እቃ ተሸካሚ ብቻ አትዩዋቸው። የነገሯችሁንም ደብተራችሁ ላይ ለብቻው ጻፉት፣ ባታምኑበትም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። በእርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይሰራም፣ የሰራውም ይፈሳል። የጂፒኤስ ባትሪ በብርዱ ስለሚሞት ማታ አብራችሁት ተኙ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ክተቱት። አይጥ በወጥመድ የምትይዙ ደግሞ ውስጡ ጥጥ ወይ ደረቅ ሳር አድርጉ፣ ጎህ ሲቀድ ሂዱና አውጧቸው፣ ታህሳስ ላይ ውርጭ ያደረባት አይጥ ስታገኙ ቀኑን ሙሉ ነው የሚከብዳችሁ። ፎርሙን እዛው ቆማችሁ ሙሉት፣ ማታ እሞላዋለሁ ያለ ሰው እኔን ይመስላል።

ልጁ ሰኞ ይሄዳል። አንድ ደርዘን እርሳስ ገዝቼለታለሁ፣ መቅረጫ ግን ረስቼ ነበር፣ ዛሬ ወጣ ብዬ ልግዛለት።