መልስ፦ በፍጥነት ጥፋት ያስቆመ ፖሊስ የዕፅ ምርመራ ማድረግ ይችላል?

ለንደን ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተዋል ብሎ ያስቆመዎት ፖሊስ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራም ሊጠይቅዎት ይችል እንደሆነ ለጠየቁት፣ አዎ፣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ፣ በአሽከርካሪው ላይ የዕፅ ምልክት ባይታይ እንኳ፣ ተሽከርካሪው በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ የትራፊክ ጥፋት ተፈጽሟል ብሎ በበቂ ምክንያት ለጠረጠረ ፖሊስ ይህን ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። መንገድ ዳር የሚወሰደው ምራቅ በተለምዶ የሚመረመረው ለካናቢስና ለኮኬይን ሲሆን፣ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ማስረጃ ግን በኋላ የሚቀዳው ደም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት ገደብ እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ (ለካናቢስ በአንድ ሊትር ደም 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው) «አነዳዴ ላይ ምንም እንከን አልነበረም» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም፤ ጥፋተኛ የተባለ ሰውም ቢያንስ ለ12 ወራት ከመንዳት ይታገዳል።

ጫትን በተመለከተ፣ የእኛ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርምና፣ የደም ገደብ ከተቀመጠላቸው ዕፆች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ መያዙ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ የማሽከርከር ችሎታን ማወኩ ከተረጋገጠ ነጂው በሌላ አንቀጽ ይከሰሳል።