ጎህ ሲቀድ ሥራ የሚያቆም የድምፅ መቅጃ

ከመሐል ሜዳ ከተማ የጻፉልኝ ጠያቂ ችግሩን በሚገባ ዘርዝረውታል። በጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ዳርቻ፣ የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ ከሣሩ ጋር በሚዋሰኑበት ቦታ፣ የቀይ ቀበሮን ጩኸት ለመከታተል ያኖሩት ኦዲዮሞዝ የተባለው አነስተኛ መቅጃ ማታ በትክክል ይሠራል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በኋላ ግን ይቋረጣል፤ የመጨረሻው ፋይል ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚመዘገቡት ፋይሎችም በፈረንጆች አቆጣጠር 1970 የሚል ዓመት ይይዛሉ። ባትሪው ቤት ውስጥ ሲለካ ጤነኛ ነው። ቀደም ሲል አንድ ጠጋኝ የሦስቱን ድንጋዮች ማቀፊያ አውጥቶ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተገኘ አንድ የሊትየም ባትሪ በይዶበታል፤ ሣጥኑንም በሲልከን አሽጎታል። ከዚያ ወዲህ ድምፁም የታፈነ ሆኗል።

ይህን እንዳነበብሁ የጠረጠርሁት ብርዱንና ያንን ባትሪ ነው። መቅጃው የሚቆመው ውርጭ በሚበረታበት ሰዓት ሲሆን የሚነሣው ፀሐይ ሲያገኘው ነው፤ ሰዓቱ ወደ 1970 መመለሱም ኃይሉ ጨርሶ እንደ ተቋረጠበት ያመለክታል።

ባትሪው ቤት ውስጥ ጤነኛ መስሎ ሜዳ ላይ የሚከዳበትን ምክንያት ማስረዳት እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው ደኅና ዕቃ የሚጥለው ይህን ባለማወቁ ነውና። እያንዳንዱ ባትሪ በውስጡ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያስቸግር መቋቋም አለው፤ ባትሪው ሲያረጅና ሲቀዘቅዝ ይህ መቋቋም ይጨምራል። ውኃ የሞላ ነገር ግን አፉ የጠበበ እንስራ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊያፈስ እንደማይችል ሁሉ፣ የቀዘቀዘ ባትሪም ጉልበት እያለው ቶሎ ሊሰጥ አይችልም። ቴስተር ከባትሪው የሚስበው ኃይል ከምንም ስለማይቆጠር ይህን ድካም አያሳይም። መቅጃው ግን ድምፁን ወደ ሚሞሪው በሚጽፍበት ቅጽበት በርካታ ሚሊአምፔር ይስባል። ፍሰቱ 0.1 አምፔር፣ የውስጥ መቋቋሙ ከመጥፎው ብየዳ ጋር ተደምሮ 4 ኦም ቢሆን፣ 0.4 ቮልት እዚያው ይጠፋል፤ 3.7 ቮልት የነበረው 3.3 ይሆናል፤ ኤሌክትሮኒክሱም በዚያ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ባትሪውን መለካት የሚገባዎ ጎህ ሲቀድ፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ መቅጃው እየቀዳ ሳለ ነው።

ያ የሊትየም ባትሪ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስብዎ ነገር አለ፤ የብየዳ ካውያ በሊትየም ባትሪው አካል ላይ በፍጹም አያሳርፉ። ሙቀቱ የውስጡን መለያያ ሊያቀልጥና ባትሪውን ሊያቀጣጥል ይችላል። ሽቦዎቹን ከባትሪው ራቅ ብለው፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በአንድ ይቁረጡ፤ የተቆረጠውን ጫፍ ወዲያውኑ በናስትሮ ይሸፍኑ። አብጦ ካገኙት ከቤት አውጥተው በደረቅ አሸዋ ላይ ያኑሩት። ከየላፕቶፑ የተለቀመ ባትሪ ለሰው ዕቃ መግጠም ጥገና አይባልም፤ ደጋግሜ ስላየሁት ያሳዝነኛል።

በምትኩ የሦስት ድንጋይ ማቀፊያውን ይመልሱ። ሞላው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የማይነሣ ርካሽ ማቀፊያ አይግዙ፤ የዛገ ጫፍ ካለ በላጲስ ያጽዱ። ለውርጭ የሚመረጠው ባለ 1.5 ቮልት የማይሞላ የሊትየም ድንጋይ ነው፤ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። ካጡት ጥሩ አልካላይን ይጠቀሙና ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። በመጠን ከድንጋዩ ጋር አንድ የሆኑ ባለ 3.7 ቮልት ባትሪዎች ገበያ ላይ ስላሉ ጽሑፉን ሳያነቡ አይግጠሙ፤ ሦስቱ ሲደረደሩ 4.5 መሆን የሚገባው ከ11 ቮልት ያልፋል።

የታፈነውን ድምፅ ያመጣው ሲልከኑ ይመስለኛል። ማይክሮፎኑ የሚሰማው በመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ነው። ሲልከኑን ከዳር በጥፍር እያነሡ ይላጡት፤ መርፌ ወደ ቀዳዳው አያስገቡ። ከጸዳ በኋላ መቅጃውን በስስ ፕላስቲክ ከረጢት ማሸግ ዝናቡን ይከላከላል፤ ድምፅም ያልፋል። ነፋስ ከሚያወዛውዘው ሣርና ከወፍጮ ቤት ያርቁት።

የቀበሮው ጩኸት ከፍ ያለ የቅጂ መጠን፣ ማለትም መቅጃው ድምፁን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እንዲለካ፣ አይፈልግም። በሰከንድ 16 ሺህ ናሙና እስከ 8 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ቀጭን ድምፅ ይይዛል፤ በሰዓትም 115 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይወስዳል። የአንኮበርን ወፍ ጭምር መስማት ከፈለጉ ወደ 32 ሺህ ያሳድጉት። ሚሞሪው ላይ የተጻፈው መጠን ሐሰት ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ሜዳ ከመውሰድዎ በፊት ሞልተው ፋይሎቹ መከፈታቸውን ይፈትሹ።

ይህን ሁሉ የማስቸግርዎ የጠፋው ሰዓት ዋናው ሰዓት ስለሆነ ነው። ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን እንስሳ ነው፤ ቡድኑ ተሰባስቦ የሚጮኸውና ወሰኑን ሊቃኝ የሚነሣው በተለይ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። በዚያው ሰዓት ከመንደር የሚሰማው የውሻ ጩኸትም መመዝገብ አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮዎቹ የሚያሻግሩት ውሾች ናቸውና።

ማቀፊያውን ከገጠሙ በኋላ ሰዓቱን እንደገና ይሙሉ፤ መቅጃውን አንድ ሌሊት በደጅዎ አሳድረው የንጋቱን ፋይሎች ይክፈቱ። አሁንም ከተቋረጠ፣ እየቀዳ ሳለ በንጋት የለኩትን ቮልቴጅ ይጻፉልኝ። የወጣውን ባትሪ ግን ለሌላ ሥራ አያቆዩት፤ ካውያም አያስነኩት።