ሙጫው ቅባቱን ለምን አላወፈረም?

ከያቤሎ አካባቢ አንድ ከፊል አርብቶ አደር እንዲህ ብለው ጠይቀውናል፦ «ግጦሻችን ላይ ሙጫ የሚያወጣ ግራር አለ። ልጆች ከብት ሲጠብቁ ይለቅሙታል። አዲስ አበባ የፀጉር ቅባት የሚሠራ ሰው ማወፈሪያ እፈልጋለሁ ቢለኝ አንድ ኪሎ ላክሁለት። ግማሹ ውሃ ውስጥ አልሟሟ አለ፣ የሟሟውም ቅባቱን አላወፈረም ብሎ ቅር አለው። ጥፋቱ የኔ ነው?»

ግማሹ የእርስዎ ነው፣ ግማሹ የገዢው።

ከእርስዎ ልጀምር። ቦረና ውስጥ ልጆች የሚለቅሙት የግራር ሙጫ ብቻ አይደለም። እጣንም ከርቤም እዚያው አጠገቡ አለ። አንድ ኮሮጆ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ሁሉም ቢጫና ቡናማ ጠጠር ነው፣ ዓይን ይሸወዳል። ውሃ ግን አይሸወድም። ጥቂት ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረው ያሳድሩት። ንጹሕ የግራር ሙጫ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። እጣንና ከርቤ ከሆነ ውሃው ወተት ይመስላል፣ ከሥር ዝቃጭ ይቀራል። ውሃ ከሌለ ፍም ላይ ጣል ያድርጉት። እጣን ቀልጦ ቤቱን ያውደዋል፤ ሙጫ አይቀልጥም፣ ያርራል እንጂ።

ዛፉንም ይዩት። በውጭ ገበያ ጋም አረቢክ ተብሎ በጥሩ ዋጋ የሚሸጠው፣ እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ ግራር ነው። ከአንድ ቦታ ሦስት እሾህ ይወጣል። መካከለኛው ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ላይ ይቆለመማሉ። እሾሁ ረጅምና ቀጥ ያለ ከሆነ ሌላ ግራር ነው፤ የሱን ሙጫ ለብቻው ያስቀምጡ።

አሁን የገዢው ጥፋት። የግራር ሙጫ ጎበዝ ማወፈሪያ አይደለም! ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ውሃ ውስጥ በጣም ብዙ ካልገባ ቀጭን ነው፤ ለአንድ ሊትር መቶ ግራም ቢጨምሩ እንኳ ገና ይፈሳል። የሱ ሙያ ሌላ ነው፤ ዘይትና ውሃ ተቀላቅለው እንዳይለያዩ ይይዛል። ለቅባትና ለክሬም ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ገዢውን «ማወፈሪያ ነው ወይስ ማዋሃጃ የፈለግኸው?» ብለው ይጠይቁት። ማወፈሪያ ካለ ተልባ ይግዛ። ተልባ ቀቅለው ዝልግልጉን ፀጉራቸውን የሚቀቡ የከተማ ልጆች ነገሩን ቀድመውታል። አብሽም በዚህ በኩል ብርቱ ነው፤ አብሽ መትታ የምታውቅ እናት ማስረጃ አያስፈልጋትም። ሁለቱም የደጋ እህል ናቸውና ለእርስዎ ገበያ አይሆኑም። ማዋሃጃ ካለ ግን ዕቃው እርስዎ ጋ አለ።

ስለ አሰባሰቡ አንድ ሁለት ነገር። ሙጫ የሚበዛው በቦና፣ ማለት በደረቁ ወቅት፣ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ነው። ራሱ ያወጣውን መልቀም ከሁሉም ይሻላል። ዛፉን ላድማ ካሉ ቅርፊቱን ብቻ በጠባቡ ይላጡ፣ እንጨቱን አይንኩ። በመጥረቢያ ጠልቆ የተመታ ዛፍ ይታመማል፣ ምስጥም ይገባበታል። ለጋውን ዛፍ ይተዉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እየተመላለሱ ከዛፉ ላይ ይልቀሙ። መሬት የወደቀው አሸዋ ይዟል፤ አሸዋ ያለበትን ፊት ላይ ማን ይቀባል?

ጥላ ሥር አድርቁት። ላስቲክ ውስጥ አይክተቱት፣ ያልበውና ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ይሆናል። ቅርጫት ወይም የጆንያ ከረጢት ይበቃል። ልጆቹም ሁለት ኮሮጆ ይያዙ፣ አንዱ ለሙጫ አንዱ ለእጣን።

ለዚያው ገዢ ሌላ ናሙና ሲልኩ ፍሬውን እንዳለ ይላኩ። ፈጭቼ ልላክ እንዳይሉ። ዱቄት ምን እንደተቀላቀለበት አይታይም፤ አንዴ ቅር ያለው ሰው ደግሞ ዱቄት ሲያይ መጠርጠሩ አይቀርም።