እቁብ ደርሶኝ የኤአይ ስሞች ልግዛ ላልሽው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በሁለት መስመር ልመልስልሽ ጀምሬ ተውኩት። ገንዘቡ የእቁብ ነው ስትዪ ነካ አድርጎ ማለፍ ከበደኝ።

ዘግይታችሁ ለገባችሁ፣ ጥያቄዋ ይሄ ነው። እዚህ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በሂሳብ ሥራ ተቀጥራ ትሠራለች። እቁብ ደርሷት 60 ሺህ ብር እጇ ላይ አለ። "ኤአይ" (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚል ነገር ያለባቸውን የዶሜይን ስሞች፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻዎች፣ አሁን ገዝታ፣ ሁለት ሦስት ዓመት አቆይታ በውድ መሸጥ ትፈልጋለች። ጓደኛዋ "አቶቴ ላይ ቦታ ገዝቶ እንደማስቀመጥ ነው" ብሏታል። እንዲህ ያሉ ስሞች በሚሊዮን ዶላር እንደተሸጡ ጠቅሳ፣ ያሰበቻቸውን ስሞች ዝርዝርም አያይዛለች። ያዋጣል ወይ ነው የምትለው።

እኔ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተርና የህትመት ሱቅ አለኝ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱቁ ጎን ለጎን ስም እገዛለሁ። እስከ ዛሬ 34 ስም ገዝቻለሁ። የሸጥኩት ሁለት ነው። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ 60 ሺውን እዚህ ውስጥ አታስገቢ። አንድ ስም መያዝ ካማረሽ ግን እንዴት እንደሚመረጥ ወደ ታች እነግርሻለሁ። (የውጭ አገሩን ነገር ሳወራ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው። የራሴን በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ።)

ጓደኛሽ ካለው ልጀምር። ስም ቦታ አይደለም፣ ኪራይ ነው። በየዓመቱ ትከፍያለሽ፣ ካልከፈልሽ ይወሰዳል። ዶት ኮምን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን ለቸርቻሪዎች የሚሸጥበት ዋጋ ብቻ በመስከረም 2024 በዓመት 10.26 ዶላር ደርሶ ነበር። ቸርቻሪው ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። በአንድ ዶላር የሚያጓጉሽ ሌሎች ስሞች አሉ። እነሱ በሁለተኛው ዓመት 20 እና 30 ዶላር ሲሉሽ ታገኛቸዋለሽ። ከመግዛትሽ በፊት የእድሳቱን ዋጋ እይ እንጂ የመጀመሪያውን ዓመት አትዪ።

ዶት ኤአይ የባሰ ነው። የአንድ ዓመት ብቻ አይሸጥልሽም፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት በአንዴ ነው። ይሄ እስከ 2025 ድረስ ከ140 ዶላር አካባቢ ይጀምር ነበር። ለኢትዮጵያ ዶት ኢቲ እንደተሰጣት ሁሉ፣ ዶት ኤአይ አንጉዪላ ለምትባል የካሪቢያን ደሴት የተሰጠ ነው። በእንግሊዝ ሥር ያለች፣ ሕዝቧ 16 ሺህ ገደማ የሆነ ደሴት ናት። ፊደሉ ከዚህ ቴክኖሎጂ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው። በ2023 ብቻ ደሴቷ ከዚህ 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች። ገዢው ቢሸጥም ባይሸጥም እሷ ኪራይዋን ትሰበስባለች።

አሁን አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽና እንደምር። ዶላሩ በ150 ብር ቢታሰብ 60 ሺህ ብር 400 ዶላር ነው። በዚያው በ140 ዶላር ሂሳብ እንኳ ሁለት ዶት ኤአይ ስም ስትገዢ 280ው ሄደ። በሁለት ዓመቱ ሌላ 280 ይመጣል። ያ ደግሞ በብር ስንት እንደሚሆን አታውቂም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እኔ የዚያን ዓመት እድሳት በእጥፍ ብር ነው የከፈልኩት። ስሞቹ እነዚያው ናቸው፣ ጠያቂያቸው ግን አልጨመረም። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ከመቶ ስም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ከተሸጠ ደህና ነው ይላሉ። ሁለት ስም ይዘሽ ስንት ዓመት እንደምትጠብቂ አስቢው።

የራሴን ልንገርሽ። ታኅሣሥ 2010 ቢትኮይን የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ 20 ሺህ ዶላር ሊነካ ሲል "ብሎክቼይን" (የዚህ ገንዘብ ዝውውር የሚመዘገብበት ቴክኖሎጂ) እና "ኮይን" ያለባቸው 11 ስሞች ገዛሁ። ሁለት ጊዜ አደስኳቸው። ከዚያ ስምንቱን ለቀቅኩ። የቀሩትን ሦስቱን እስካሁን እከፍልባቸዋለሁ።

ሁለተኛው ዙር ጥቅምት 18 ቀን 2014 ነው። ያን ምሽት አልረሳውም። ሱቁን ዘግቼ ውስጥ ቀረሁ። ፌስቡክ በቀጥታ ሥርጭት ስሙን ወደ ሜታ ቀየረ። "ሜታቨርስ" (ሰው በኢንተርኔት የሚገናኝበት ምናባዊ ዓለም) የሚለውን ቃል ደጋግመው ይሉታል። በአንድ መስኮት ሥርጭቱን፣ በሌላው የስም መፈለጊያውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። በእንግሊዝኛ "ሜታቨርስ" ላይ ትምህርት የሚለውን ስጨምር ተይዟል። ባንክ ስል ተይዟል። ሠርግ ስል ነጻ ነው። ቡና ስል ነጻ ነው። አረንጓዴዋ ምልክት ብቅ ባለች ቁጥር ልቤ ይዘላል። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ያስገባልኝን ሂሳብ እስኪያልቅ ገዛሁ። ሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሰፈሩ ጥበቃ መብራቱን አይተው በሩን አንኳኩ። "ሰላም ነው ወይ ልጄ?" አሉኝ። ዘጠኝ ስም ገዝቼ ነበር።

ያቺ አረንጓዴ ምልክት ምን እየነገረችኝ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ዓለም ሁሉ ያንን ቃል በሚያሳድድበት ሌሊት ስሙ ነጻ ከነበረ፣ ፈላጊ የለውም ማለት ነው። በዓመቱ አደስኳቸው። አንድም ጠያቂ አልመጣም። በቀጣዩ ዓመት ለቀቅኳቸው። ከዚያ በኋላም ሰው ሲያነሳቸው አላየሁም።

ሦስተኛው ቻትጂፒቲ የወጣ ጊዜ ነው፣ 2015 ላይ። ዘጠኝ ዶት ኮምና ሁለት ዶት ኤአይ ገዛሁ። አብዛኞቹ "ፕሮምፕት" (ለኤአይ የሚጻፍ ትእዛዝ) የሚል ቃል ነበረባቸው። ያኔ ሁሉም የወደፊቱ ትልቅ ሙያ ፕሮምፕት መጻፍ ነው ይል ነበር። ዛሬ ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ "ኤጀንት" (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ኤአይ) ነው። ነገ ሌላ ቃል ይመጣል።

እህቴ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቴክኖሎጂው እንደሚያድግ ትክክል ብትገምቺ እንኳ፣ ሰዎች በየትኛው ቃል እንደሚጠሩት ግን አታውቂም። ዶት ሞቢን እይ። በ2006 ለሞባይል ብቻ የሚሆኑ ድረ ገጾች ይለዩበታል ተብሎ ወጣ። ያኔ "ፍላወርስ ዶት ሞቢ" በጨረታ 200 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ሞባይል እንደሚያድግ ገዢው በትክክል ገምቷል። ግን በ2007 አይፎን መጣ። ስልኩ ማንኛውንም ድረ ገጽ የሚከፍት ሆነ፣ የተለየ ስም የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀረ። ያ ስም በኋላ በ6,500 ዶላር ነው የተሸጠው።

"በሚሊዮን ዶላር ተሸጠ" ብለሽ የጠቀስሽው ወሬ እውነት ነው። ግን የተሸጡትን ስሞች እያቸው። "ቻት ዶት ኮም"ን የሶፍትዌር ኩባንያው የሀብስፖት ተባባሪ መሥራች ዳርሜሽ ሻህ በ2023 በ15.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በኋላ ወደ ቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይ ዞረ። "ቮይስ ዶት ኮም"ን ደግሞ በ2019 አንድ የብሎክቼይን ኩባንያ በ30 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሁለቱም ሕፃን የሚያውቃቸው ተራ ቃላት ናቸው፤ ከቴክኖሎጂው ብዙ ዓመት በፊት የተያዙ። በእርግጥ "ኤንኤፍቲስ ዶት ኮም"ም (ኤንኤፍቲ በብሎክቼይን የሚመዘገብ የዲጂታል ነገር ባለቤትነት ነው) በ2022 በ15 ሚሊዮን ዶላር ሄዷል። ያ ግን የቃሉ ራስ ነው። እኔና አንቺ ዛሬ የምናገኘው የቃሉ አሥረኛ ተቀጥላ ነው።

ሁለት ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅሽ።

አንደኛው አጭበርባሪ ነው። ኅዳር 2011 ኢሜይል ደረሰኝ። አንዱን የብሎክቼይን ስሜን በ6,500 ዶላር እገዛለሁ ይላል። እንግሊዝኛው ጨዋ ነው፣ አይጣደፍም። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። በሦስተኛው ቀን "ባለሀብቱ የግምት ሰርተፍኬት ይፈልጋል" አለኝና አንድ ድረ ገጽ ላከልኝ። ዋጋው 95 ዶላር። ልከፍል ስል አንድ ነገር መጣልኝ። አብዛኛው ዶሜይን መቼ እንደተመዘገበ ማየት ይቻላል። የዚያን "ገማች" ስም አስገብቼ ሳይ ከተመዘገበ ሦስት ሳምንቱ ነው። ገዢውም ገማቹም አንድ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ኢሜይል አምስት ጊዜ መጥቶልኛል። እውነተኛ ገዢ ሰርተፍኬት አያስገዛሽም። በሦስተኛ ወገን፣ ገንዘቡን በአደራ በሚይዝ አገልግሎት በኩል ይከፍላል፤ ስሙ ሲተላለፍ ገንዘቡ ይለቀቅልሻል። ከዚህ ውጭ እሺ አትበይ።

ሁለተኛው የሰው ስም ነው። ዝርዝርሽ ውስጥ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ምርት ስም ያለባቸው ሦስት አይቻለሁ። ሰርዢያቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ከ1999 ጀምሮ ለዚህ የክርክር ሥርዓት አለ። የንግድ ምልክቱ ባለቤት ጄኔቭ ላለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አመልክቶ ስሙን ሊወስድብሽ ይችላል። የምታገኚው ካሳ የለም። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ በአንድ ስም እስከ 100 ሺህ ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። እኛም እኮ ይሄን እናውቀዋለን። ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች የአገራችን የንግድ ምልክት ሆነው እንዲታወቁ ስንት ክርክር ተደርጎ በፈረንጆቹ 2007 ነው ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው። በእኛ ስም ሲነገድ የተሰማን ነገር ለሌላውም ይሠራል።

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሱቄ መጥቶ፣ እዚሁ ሐይቁ ዳር ያለ የሎጅ ስም አስመዝግቤ ለባለቤቱ ልሽጥለት፣ እርዳኝ አለኝ። እምቢ አልኩት። ሰውዬው በላቡ ያቆመውን ስም መያዝ ንግድ አይደለም።

የሸጥኳቸው ሁለቱስ? አንዱ ከኤአዮቹ ነው፣ 350 ዶላር፣ ኮሚሽኑ ሳይነሳ። ሌላው ከቴክኖሎጂ ጋር አይገናኝም። ለአንድ ቡና ነጋዴ የማሸጊያ ጽሑፍ ስሠራ ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ ላይ ደስ አሉኝና ዶት ኮሙን ያዝኩት። ስሙ ላይ "ይሸጣል" የሚል አንድ ገጽና ኢሜይሌን ብቻ አስቀመጥኩ። በአራተኛው ዓመት ካናዳ ያለች፣ ቤተሰቦቿ የአለታ ወንዶ የሆኑ ሴት ጻፈችልኝ። ቡና መቁያ ልትከፍት ነው። 1,200 አልኳት፣ በ900 ተስማማን። ከአካውንት ወደ አካውንት ለማዛወር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የከፈተችው ቤት ስም ያ ነው። ፎቶውን ልካልኝ ሱቄ ግድግዳ ላይ አለ።

ሁሉንም ደምሬ ወጪዬ 1,450 ዶላር ገደማ ነው። የገባልኝ 1,200 አካባቢ። እዚያ ላይ የአጎቴ ልጅ ካርድ ጊዜው አልፎ እድሳቱ ሳይቆረጥ ቀርቶ፣ አንዱን ስም ለማስመለስ 80 ዶላር ቅጣት የከፈልኩበት አለ። የምትከፍዪው በሌላ ሰው ካርድ ከሆነ፣ አካውንቱና ኢሜይሉ በአንቺ ስም ይሁን፤ የማለቂያውን ቀን ደግሞ ስልክሽ ከወር በፊት እንዲያስታውስሽ አድርጊው።

አሁንም ካማረሽ እንዲህ አድርጊ። አንድ ስም ብቻ። ዶት ኮም። ሁለት ተራ ቃል፣ ቴክኖሎጂው ስሙን ቢቀይር እንኳ ትርጉም የሚሰጥ። ለእህትሽ በስልክ አንድ ጊዜ ንገሪያትና ትጻፈው። ከተሳሳተች ተዪው። ከዚያ "ይሄን ስም ነገ የሚፈልጉ አሥር ድርጅቶች እነማን ናቸው?" ብለሽ በወረቀት ጻፊ። ሦስት ላይ ከቆምሽ ተዪው። ካለፈ ግን የሦስት ዓመት ኪራይ፣ ማለትም 40 ዶላር ገደማ፣ ለይተሽ አስቀምጪና ያዢው። የተረፈው ከ50 ሺህ ብር በላይ ይሆናል፤ እሱን አትንኪው።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ነኝ። ደብተሬን አሳይሻለሁ፤ የ34ቱም ስሞች ወጪና ቀን ተጽፎበታል። ያሰብሻቸውን ስሞች ዝርዝር ይዘሽ ነይ፣ አንድ በአንድ እናያቸዋለን። በጥር ጊዜያቸው የሚያልቅ አራት የኤአይ ስሞች አሉኝ። እነሱንም አላድሳቸውም።